«ሰፈራችሁ ለልማት ይፈለጋል» የተባለ እንደ ሆነ

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር፣ ከዩኒቨርሲቲው በር ብዙ በማይርቅ በአንድ ሰፈር፣ በእድሩ ቤት ግድግዳ ላይ አንዲት ወረቀት ተለጥፋ ነበር። ወረቀቲቱ «የሰፈሩ ነዋሪዎች በሙሉ እሑድ ከጧቱ በ3 ሰዓት በወረዳው አዳራሽ እንድትገኙ» ትላለች እንጂ ስለ ምን ጉዳይ እንደ ሆነ አትገልጥም። እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች የሆንን አምስት ጓደኛሞች ምሳችንን በዱቤ የምንበላው ከዚያ ሰፈር፣ ከእትዬ ዘንድ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የእኛም ጉዳይ ነው ብለን፣ ማንም ሳይጠራን፣ ከእትዬ ኋላ ተከትለን ገባን።

በአዳራሹ ውስጥ አንድ ትልቅ ካርታ ተሰቅሏል፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሐምራዊና አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። ሦስት ሹማምንት ተራ በተራ ለሁለት ሰዓት ያህል ተናገሩ። ስለ ከተማዋ ዕድገት፣ ስለ ዘመናዊ አኗኗር፣ ስለሚሠራው ባለ ብዙ ፎቅ መኖሪያ ብዙ ተባለ። በመጨረሻ «ጥያቄ ካለ ዐሥር ደቂቃ አለን» ተባለና እትዬ ተነሥተው ወደ ካርታው ቀረቡ፤ ጣታቸውንም በአንድ ቀለም ላይ አሳርፈው «ልጄ፣ የኔ ጓዳ ይቺ ናት ወይ?» ብለው ጠየቁ። መሐንዲሱም በትሕትና «እማማ፣ እሱ አረንጓዴ ቦታ ነው፤ መናፈሻ ይሆናል» አላቸው። ሕዝቡ ሣቀ። እትዬ አልሣቁም።

ስንወጣ በበሩ ላይ አንድ ልጅ ወረቀት ይዞ ያስፈርም ነበር። ሁሉም እየፈረመ ወጣ። ያ ወረቀት የተገኙ ሰዎች ስም ዝርዝር ነው ሲባል ሰምተን ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ከቃለ ጉባኤው ጋር ተያይዞ፣ ከላዩ «ነዋሪው በፕላኑ ላይ ተወያይቶ በሙሉ ድምፅ የተስማማበት» የሚል ዐረፍተ ነገር ሰፍሮ አየነው።

ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን ያ ዐረፍተ ነገር ነው። ከመካከላችን አብዛኞቻችን ወይ እንዲህ ባለ ሰፈር ተወልደን አድገናል፤ ወይ ደግሞ እንዲህ ባለ ሰፈር ተከራይተን እንኖራለን። ሕግ የሚያነቡ፣ ደብዳቤ የሚጽፉ ልጆች አሏቸው እየተባለ የሚታማው ወላጆቻችን ናቸው፤ ልጆቹ ግን በዚያ እሑድ የት እንደ ነበሩ ራሳችንን ብንጠይቅ መልሱ አያስደስትም።

አስቀድመን አንድ ነገር ግልጥ እናድርግ። ቤት አይሠራ፣ ከተማ አይታደስ የምንል አይደለንም። በጭቃ ግድግዳና በዛገ ቆርቆሮ ሥር፣ አንድ ሽንት ቤት ለዐሥርና ለዐሥራ አምስት ቤተሰብ በሆነበት ግቢ መኖርን ቅርስ ነው ብሎ የሚያወድስ ሰው፣ አንድ ክረምት በዚያ ቢያሳልፍ ሐሳቡን ይለውጥ ነበር። አብዛኛው የመሐል ከተማ የቀበሌ ቤት፣ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ከሆነ ወዲህ፣ ኪራዩ ከመቶ ብር የማይበልጠው ቤት ለቀበሌ ተሰጥቶ፣ በዚያች አነስተኛ ኪራይ ሊታደስ ስላልቻለ እያረጀ የመጣ ነው። እኛ የምንለው ሌላ ነው፦ በቤቱ የሚኖረው ሰው የሚናገርበት ጊዜና ቦታ አለው፤ ያንን ጊዜና ቦታ ካላወቀው ግን ዝምታው እንደ እሺታ ይቈጠራል።

ነዋሪውን ሳይጠይቁ ከተማ መንደፍ የቈየ ልማድ ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የአገሬውንና የአውሮፓውያኑን ሰፈር ለይተው ሲነድፉ፣ የአራዳን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍተው ዛሬ መርካቶ በምንለው ቦታ ሲተክሉ፣ ያማከሩት የአራዳ ነጋዴ አልነበረም። ከነጻነት በኋላም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1956 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ፣ ከዚያም ፈረንሳዊው ዴ ማሪያን፣ ከዚያም በደርግ ዘመን የሀንጋሪው ፖሎኒ ተራ በተራ ፕላን ነደፉ። ሁሉም የየራሳቸው ዕውቀት ነበራቸው። ነገር ግን የእትዬን ጓዳ አረንጓዴ የሚቀባ እጅ ከየትም አገር ቢመጣ፣ ጓዳው ጓዳ መሆኑን የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል።

የዛሬው ሕግ በወረቀት ላይ ይህን አይክድም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች በልማት የመሳተፍ፣ ይልቁንም ማኅበረ ሰባቸውን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይናገራል። በአንቀጽ 44 ደግሞ መንግሥት በሚያካሂደው ፕሮግራም የተፈናቀለ ወይም ኑሮው የተነካበት ሰው ሁሉ በገንዘብ ወይም በሌላ አማራጭ ተመጣጣኝ ማካካሻ እንደሚገባው ተጽፏል። ልብ በሉ፤ «ባለ ይዞታ ሁሉ» አላለም፤ «ሰው ሁሉ» ነው ያለው። ይህ ልዩነት ወደ ኋላ ይጠቅመናል።

ፕላን ሲባል አንድ ነገር ብቻ እንዳልሆነ ማወቅ ያሻል። ከላይ መዋቅራዊ ፕላን የሚባለው አለ፤ ይኸውም ለመላው ከተማ ለ10 ዓመት ያህል የሚያገለግል፣ ዋና ዋና መንገዱን፣ የመኖሪያውንና የንግዱን ቀጠና የሚያመለክት ነው። ከዚህ በታች የአካባቢ ልማት ፕላን አለ፤ ይህ ወደ ሰፈር ወርዶ፣ የትኛው ግቢ መንገድ እንደሚሆን፣ ፎቁ ስንት እንደሚረዝም፣ የት ላይ ትምህርት ቤት እንደሚቆም ይወስናል። የእትዬ ጓዳ ቀለም የሚቀባው በዚህ በሁለተኛው ላይ ነው። ከዚህ በኋላ የሚመጣው የማስለቀቅ ትእዛዝና የካሳ ግምት ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ፕላን ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ ቀርቦ አስተያየት እንዲሰጥበት አዝዟል። እንግዲህ የሚናገሩበት ትክክለኛ ጊዜ ይህ ነው፦ ፕላኑ ረቂቅ ሳለ።

ብዙ ሰው ግን በዚህ ጊዜ ዝም ይልና፣ የካሳው ወረቀት ሲመጣ መጮኽ ይጀምራል። ይህ ከዝናቡ በኋላ ጣራ እንደ መክደን ያለ ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የቀድሞው የማስለቀቂያ አዋጅ ቁጥር 455 በካሳ ላይ የሚነሣ አቤቱታ የቦታውን ርክክብ እንደማያዘገይ በግልጥ ደንግጎ ነበር። ስለ ገንዘቡ እየተከራከሩ ሳለ ቤቱ ፈርሶ ያድራል ማለት ነው። ካሳ ላይ ብቻ የተከራከረ ሰው ቢረታ እንኳ ብር ያገኝ ይሆናል እንጂ ሰፈር አያገኝም።

ያን አዋጅ የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ሲሆን፣ እርሱም በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1336 ተሻሽሏል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ይዞ ማንበብ ግድ ነው፤ አንዱን ብቻ ይዞ ወደ ቢሮ የሄደ ሰው ያፍራል። የ1161 ባሕርይ ግን ከቀድሞው የተለየ መሆኑን እንናገራለን። በመጀመሪያ፣ ተነሺዎች ቦታውን ከማስረከባቸው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ልማቱ ዓይነት፣ ስለ ጥቅሙና ስለ አጠቃላይ ሂደቱ እንዲወያዩ አዝዟል። አስቸኳይ ለሆነ ጉዳይ ጊዜው ሊያጥር እንደሚችልም እዚያው አክሎበታል። የዚህች ቀዳዳ ስፋት ምን ያህል እንደ ሆነ በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የካዛንቺስ ሰዎች አይተውታል። በኮሪደር ልማቱ ከተነሡት መካከል ብዙዎቹ ከማስታወቂያው እስከ መፍረሱ የነበረውን ጊዜ በዓመት ሳይሆን በሳምንትና በቀን ሲቈጥሩት ተሰምተዋል።

በሁለተኛ ደረጃ፣ አዋጁ አንድ ታላቅ ነገር ይዟል፤ ይህንንም ከመቶ ነዋሪ አንዱ እንኳ ሲያነሣው አልሰማንም። መልሶ ማልማት በሚደረግበት ስፍራ ውስጥ ያሉ ባለ ይዞታዎች ቦታቸውን በፕላኑ መሠረት ለብቻ ወይም በቡድን ራሳቸው እንዲያለሙ ቅድሚያ መብት ተሰጥቷቸዋል። ይኸውም አምስት ጎረቤታሞች ካርታቸውን ይዘው፣ ማኅበር መሥርተው፣ «ባለ አራት ፎቅ ነው የምትፈልጉት? እኛው እንሠራዋለን» ለማለት ይችላሉ ማለት ነው። በእርግጥ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ባንክ ይጠይቃል፤ ከሁሉም በላይ ጎረቤት ከጎረቤት መስማማቱን ይጠይቃል፤ የአጥር ድንበር ክርክር ሃያ ዓመት የቈየበት ግቢ በአንድ ቀን አይስማማም። ነገር ግን መብቱ ሳይጠየቅ ቀርቶ የሚያልፈው አብዛኛውን ጊዜ በገንዘብ እጦት ሳይሆን ባለማወቅ ነው። እኛ በገባንበት ስብሰባ በሁለት ሰዓት ንግግር ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ስሙ አልተጠራም።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር እንምጣ። በአንድ ሰፈር ውስጥ የሚኖር ሰው ሁሉ በሕግ ፊት አንድ ዓይነት አይደለም። ካርታ ያለው ባለ ይዞታ ምትክ ቦታና ለቤቱ ካሳ ይጠይቃል፤ ካሳውም ለሠራው ቤት፣ ለአጥሩ፣ ለተከለው ዛፍ ነው እንጂ መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለ ሆነ ለመሬቱ ዋጋ አይደለም። የቀበሌ ቤት ተከራይ ምትክ የቀበሌ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም እንዲመርጥ ሲደረግ ቈይቷል። ከዚህ በታች ያለው ግን ስሙ በመዝገብ የሌለው ነው፦ በቀበሌ ቤት ውስጥ በደባልነት የሚኖረው፣ ከደባሉ ላይ ተከራይቶ አንዲት ክፍል የያዘው፣ ሰነድ አልባ ተብሎ የሚጠራው፣ በአጥር ሥር ጀበና ዘርግታ ልጅ የምታሳድገው። የእነዚህ ሰዎች ቁጥር በአንዳንድ ሰፈር ከባለ ካርታው ይበልጣል። ባለ ካርታዎቹ ብቻ ኮሚቴ አቋቁመው ሲሄዱ፣ አስተዳደሩ ከእነርሱ ጋር በፍጥነት ይስማማና ሌላው ሜዳ ላይ ይቀራል። እኛ እንደምናስበው የነዋሪ ኮሚቴ ዋጋው የሚለካው ደባሎቹን ከውስጡ በማስገባቱ ነው፤ ከላይ ያነሣነው አንቀጽ 44 «ሰው ሁሉ» ያለውም የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ታዲያ ነዋሪው ምን ያድርግ? ከስብሰባው በፊት የሚሠራ ሥራ አለ፤ ይኸውም ቤት ለቤት ቈጠራ ነው። አስተዳደሩ እስኪቈጥር አይጠበቅም። በየግቢው ስንት ቤተሰብ፣ ስንት ተማሪ ልጅ፣ ስንት በሽተኛና ስንት ሽማግሌ እንዳለ፣ ማን በቤቱ ውስጥ እንደሚነግድ፣ ማን በደባልነት እንደሚኖር በአንድ ደብተር ይጻፍ። ይህን ለመሥራት ከእድር የተሻለ ድርጅት በአገራችን የለም፤ የእድሩ ጸሐፊ የአባላቱን ስም፣ የወር መዋጮውን፣ የሞተውንና የተወለደውን ያውቃል። እያንዳንዱም ሰው የግብር ደረሰኙን፣ የውሃና የመብራት ቢሉን፣ የኪራይ ውሉን፣ የድሮ ፎቶግራፍ ሳይቀር በአንድ ፖስታ ያኑር። ጎርፍ ያበላሸው ደረሰኝ ቢሆንም አይጣል።

በስብሰባው ጊዜ ደግሞ አነጋገርን ማወቅ ይጠቅማል። «ሰፈራችንን አትንኩብን» የሚለው ጩኸት ልብ ይነካል፤ ነገር ግን የሚሰማው ሹም መልስ የመስጠት ግዴታ አይሰማውም፤ ሐዘናችሁን እንረዳለን ብሎ ያልፋል። መልስ የሚጠይቅ ነገር ግን አለ። መንገዱ 30 ሜትር የሆነው በምን ምክንያት ነው? 20 ቢሆን ስንት ቤት ይተርፋል? መናፈሻው የሚቀመጠው ሰው በማይኖርበት በወንዙ ዳር ቢሆንስ? ከሚሠራው ፎቅ ውስጥ ለተነሺው የሚመለሰው ስንት ቤት ነው? ልጆቹ በዓመቱ መካከል የት ይማራሉ? በምትኩ የሚሰጠው ቤት ውሃና መብራት የገባለት ነው? ከካዛንቺስ ወደ ገላን ጉራ የሄደ ሰው፣ ቤቱ ቢሻል እንኳ፣ ጠዋት ወደ ሥራው ለመምጣት የሚከፍለውን የታክሲ ሂሳብ ማን አስቦለታል? እንዲህ ያለ ጥያቄ ቁጥርና ስፍራ ስላለው፣ ወይ መልስ ይሰጥበታል ወይ መልስ እንደ ታጣበት በቃለ ጉባኤ ይጻፋል።

ቃለ ጉባኤውን በተመለከተ ከራሳችን ስሕተት የተማርነው ይህ ነው። ፊርማ የሚጠየቀው ለመገኘት ይሁን ለመስማማት ከወረቀቱ አናት ላይ ተነቦ ይፈረም። አናቱ ባዶ ከሆነ፣ ፈራሚው ከስሙ አጠገብ በራሱ እጅ «ተገኝቻለሁ፣ አልተስማማሁም» ወይም «ተገኝቻለሁ» ብቻ ብሎ ይጻፍ። ማንበብ ለማይችሉ አረጋውያን ልጅ አብሯቸው ይሂድ። በየስብሰባውም ከነዋሪው ወገን አንድ ሰው የራሱን ማስታወሻ ይያዝ፤ ማን ምን አለ፣ ምን ተብሎ ተመለሰ፣ በስንት ሰዓት ተጀመረ፣ በስንት ሰዓት አለቀ።

ከስብሰባው በኋላ ነገሩ በቃል አይቅር። ማመልከቻ ይጻፍ፤ አጭር ይሁን፤ አንድ ገጽ ይበቃዋል። ታሪክና ምሬት በአባሪ ይግባ። በሁለት ቅጂ ተይዞ ይኬድ፤ አንዱ መዝገብ ቤት ገብቶ፣ በሌላው ላይ ቀንና የገቢ ቁጥር ተጽፎ ማኅተም ይደረግበትና ወደ ቤት ይመለስ። «ግድ የለም፣ ስጡኝና እነግርላችኋለሁ» ለሚል መልካም ሰው ማመልከቻ አይሰጥም፤ ምንም እንኳ መልካም ሰው ቢሆን። ጉዳዩን የያዘ ሰው ይዛወራል፤ የገቢ ቁጥር ግን አይዛወርም። መልሱም በጽሑፍ ይጠየቅ። በቃል የተሰጠ እምቢታ ይግባኝ አይባልበትም፤ በጽሑፍ የተሰጠ እምቢታ ግን ራሱ መሣሪያ ነው።

የይግባኙ መንገድ በ1161 ሲቀረጽ ሦስት ደረጃ ነበረው። የማስለቀቅ ትእዛዝ ወይም የካሳ ውሳኔ የደረሰው ሰው በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚ አካል ያመለክታል፤ በዚያ ካልረካ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ ወደ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ፍርድ ቤት የሚወጣው። ሠላሳ ቀን ረጅም ይመስላል። ጠበቃ ሲፈለግ፣ ወረቀት ሲሰበሰብ፣ በመካከሉም ሁለት በዓልና አንድ ለቅሶ ሲገባበት ግን እንደ ሦስት ቀን ያልቃል። ስለዚህ ወረቀቱ የደረሰበት ቀን በላዩ ላይ ይጻፍ።

የካሳ ገማቾች ሲመጡም ባለቤቱ ከቤት አይጥፋ። ማዕድ ቤቱ፣ ሽንት ቤቱ፣ የተነጠፈው ድንጋይ፣ አጥሩ፣ ማንጎውና ጌሾው ተቈጥሮ እስኪጻፍ አብሮ ይዙር፤ የቅጹንም ቅጂ ይጠይቅ።

ጉዳዩ ከአንድ ሰፈር አልፎ ሲሰፋ ምን እንደሚሆን የሚያስታውሰን የቅርብ ዘመን ታሪክ አለ። በ2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች የተቀናጀ ማስተር ፕላን ይፋ ሲወጣ፣ በመሬቱ ላይ የሚኖረው ገበሬ ቀድሞ የነገረው ሰው አልነበረም። ተቃውሞው የተነሣው ከእንደኛ ካሉ የዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ነው፤ አምቦ ላይ ደም ፈሰሰ። በ2008 ዓ.ም. እንደገና ተነሥቶ ወደ ገጠርም ወደ ከተማም ተዛመተ፤ በጥርም ፕላኑ ተሰረዘ። ያ ሁሉ ሕይወት የጠፋው፣ አስቀድሞ በጠረጴዛ ዙሪያ መነገር የነበረበት ነገር በጠረጴዛ ዙሪያ ስላልተነገረ ነው ብንል የምንሳሳት አይመስለንም። ስለ ረቂቅና ስለ ቃለ ጉባኤ፣ ስለ ገቢ ቁጥርና ስለ 30 ቀን እንዲህ ማሰልቸታችንም ከዚህ የተነሣ ነው።

ወደ እትዬ ሰፈር እንመለስና እንጨርስ። ቃለ ጉባኤውን ካየን በኋላ ከእድሩ ሊቀ መንበር ጋር ሆነን 214 ፊርማ ያለው የእርማት ማመልከቻ አዘጋጀን፤ «የተስማማበት» የሚለው ቃል «የተገኘበት» ተብሎ እንዲታረም ጠየቅን። ሦስት ጊዜ «ነገ ተመለሱ» ተባልን፤ በአራተኛው ታረመ። ከዚያ ሰባት ጥያቄ በቁጥር አስፍረን አስገባን። እስከ አሁን ለሁለቱ ብቻ መልስ አግኝተናል፦ ልጆቹ የትምህርቱን ዓመት እስኪጨርሱ መነሣቱ እንደሚዘገይና፣ የእድሩ አባላት ምትክ ቤት ሲደርሳቸው በአንድ ሕንፃ እንዲመደቡ የሚል። ደባሎቹን የሚመለከተው ሦስተኛው ጥያቄ «በመታየት ላይ ነው» የሚል ወረቀት ይዞ ተመልሷል። ወረቀቱ ቀንና ቁጥር አለው። የእትዬ ጓዳ አሁንም በካርታው ላይ አረንጓዴ ነው።

የሁለቱን አዋጆች ቅጂ በማኅበሩ ቢሮ አስቀምጠናል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ በ8 ሰዓት ከሕግ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን ጋር እናነባቸዋለን። በሰፈራችሁ ወረቀት የተለጠፈባችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ወረቀቱን ገልብጣችሁ ወይም ፎቶ አንሥታችሁ ይዛችሁ ኑ፤ የተለጠፈበትንም ቀን እንዳትረሱ።